የአብርሃ ጅራ መስመር

ሠላማዊትና አባቷ ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ የሁለቱም ነው፤ እኔ አላዳላም፣ በሁለቱም እኩል ነው የምናደደው። እሷ መተማ ዮሐንስ እኛ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ሥራ ስትይዝ አባቷን አላማከረችም። አባቷ ጋሽ ሽመክት ደግሞ አብርሃ ጅራ ላይ ሰሊጥ እያመረቱ ያስተማሯት ሰው ናቸውና፣ ነገሩን ከጎረቤት ሲሰሙ «እንግዲህ ራሷ ትጥራኝ» ብለው ዝም አሉ። እሷም «ራሳቸው ይደውሉ» ብላ ዝም አለች። ያንን ኩርፊያ ይዛ በየቀኑ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች፣ ከሁለቱም በላይ የተጎዳሁት እኔ ነኝ።

ያረጋል እባላለሁ። ሥራዬ ገመድ መዘርጋት፣ አንቴና ላይ መውጣትና ሠላማዊት ስታብራራ እንደገባው ሰው ራሴን መነቅነቅ ነው።

የምነግራችሁ የ2008 ዓ.ም. ኅዳርን ነው። የታጨደው ሰሊጥ በየማሳው ሂላ በምንለው የነዶ ክምር ተደጋግፎ ቆሞ እየደረቀ ነበር። ሰሊጥ ደርቆ አፉን መክፈት ከጀመረ ባለቤቱ ፍሬው እንዳይረግፍበት ከማሳው ርቆ አይሄድም። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤውን መተማ ላይ አድርገን ወደ ሳንጃ፣ ወደ አብደራፊና ወደ አብርሃ ጅራ በምስል እናስተላልፈው ተባለ። ችግሩ መስመራችን ቀጭን ነው። ያንኑ ምስል ለሦስቱ ከተሞች ሦስት ጊዜ ከላክነው መስመሩ ይታነቅና ሊቀመንበሩ አፋቸውን እንደከፈቱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ይቀራሉ። በፊተኛው ዓመት እንዲያ ሆነው ነበር። ንግግራቸውን የጨረሱ መስሎት ያጨበጨበ ሁሉ ነበር።

የሠላማዊት መላ እንዲህ ነው። ምስሉ ከመተማ አንድ ብቻ ሆኖ ይነሳል። እንደ አንድ መኪና ጭነት እስከ ሳንጃ ይሄዳል፤ መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ብቻ ይባዛና አንዱ ወደ አብደራፊ፣ አንዱ ወደ አብርሃ ጅራ ይታጠፋል። «መልቲካስት» ትለዋለች። ድሮ በየከተማው ያለው የማከፋፈያ ሳጥን በየራሱ ጭንቅላት መንገድ ይመርጥ ነበር። አሁን ሳጥኖቹ አያስቡም፤ የሚያስበው መተማ ከእሷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። መስመሩን ሁሉ ከላይ እያየ «አንተ እዚህ ላይ አባዛ፣ አንተ ዝም ብለህ አሳልፍ» ይላቸዋል። እኔም እንደ ሳጥኖቹ ነኝ፣ እሷ ከመጣች ወዲህ ማሰብ ትቻለሁ።

አንድ ሕግ ግን አለው፤ ላልጠየቀ ቦታ አይልክም። በየአዳራሹ ስክሪን ላይ «ልግባ» የሚል ምልክት አለ። ያ ሲነካ ጥያቄው ወደ ፕሮግራሙ ይመጣል፣ ፕሮግራሙም ወደዚያ ከተማ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣል። «ወጣሁ» የሚለው ሲነካ ደግሞ ቅርንጫፉን ይቆርጠዋል።

«ማንም ሳይፈልገው የሚባክን መስመር የለም» አለችኝ በኩራት።

«ቁርጥ አንቺን ነው» አልኳት። ምስጋና መስሏት ሳቀች።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት ግን አልሳቀችም። ጋሽ ሽመክት የአብርሃ ጅራ አባላትን ወክለው አዳራሹ እንደሚገኙ ሰምታለች። ልጃቸው ምን እንደምትሠራ በዓይናቸው የሚያዩት ገና ያን ቀን ነው።

«ጥቁር ስክሪን አይተው ከሄዱ በቃ» አለችኝ። «ሁለተኛ አይመለሱልኝም።»

አዘጋጅቼው የነበረውን ቀልድ ዋጥኩት።

ሊቀመንበራችን አቶ ይስማው ካሜራው ፊት ተቀመጡ። በሠላማዊት ኮምፒውተር ላይ የሳንጃ መስመር አረንጓዴ ሆነ። አብደራፊም ወዲያው ተከተለ፤ እዚያ ያለው ውባንተ ነው፣ የሚነካ ነገር ካየ ሳይነካ አያልፍም። የአብርሃ ጅራ መስመር ብቻ ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ሠላማዊት ሌላ ነገር የምትሠራ መስላ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ወደ አብርሃ ጅራ የመጋዘን ኃላፊ ወደ እንግዳው ደወልኩ።

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ መብራቱ ተማም ነው፤ ምንም አልሆነም!»

«ስክሪኑስ?»

«እሱም ተማም። ‹ልግባ› ይላል።»

«ታዲያ ንካዋ!»

«እኔ? ጋሽ ሽመክት እያሉ?»

ከኋላው ግርግሩ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ ቆሟል። «ጋሼ፣ እርስዎ ያስጀምሩን!» ይላሉ። «ኧረ እናንተ ቅደሙ» ይላሉ እሳቸው። «ምን ሲደረግ! እርስዎ እያሉ!» በእኛ አገር ትልቅ ሰው እጁን ወደ ማዕዱ ሳይሰድ ሌላው አይጀምርም፤ ይሄ ደግሞ ለስክሪንም ይሠራል ብላ ሠላማዊት አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም፣ ግን ማሰብ እንደተውኩ ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ የጋሽ ሽመክት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«በዚህ ስክሪን የጠራችኝ እሷ አይደለችም እንዴ? ተጠርቶ የመጣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ‹ልግባ፣ ልግባ› እያለ ይለምናል? እሷው ትክፈትልኝ።»

የእኔ ስልክ ድምፁ ከመለከት አያንስም። ሠላማዊት ሰማች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሲስተሙ ትክክል ነው» አለች። «ያልጠየቀ አይላክለትም።»

ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሲስተሙማ ትክክል ነው! አባትሽም ትክክል ናቸው። አንቺም ትክክል ነሽ። ሦስታችሁም ትክክል ሆናችሁ ይኸው ስክሪኑ ጥቁር ነው!»

አቶ ይስማው ሪፖርታቸውን ጀምረው ስለ ሰሊጥ ጥራት ያወራሉ።

«ሳይጠይቁ መላክ አይቻልም?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ይቻላል። ትእዛዙን ከዚህ ሆኜ በእጄ መጻፍ እችላለሁ። ግን እንደዚያ ከሆነ የምጠራቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«አዎ» አልኳት። «እንደዚያ ማለት ነው።»

እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ መጻፍ ጀመረች። ሳንጃ ያለው ሳጥን አንድ ቅጂ ጨምሮ እንዲያባዛ ታዘዘ። የአብርሃ ጅራ መስመር አረንጓዴ ሆነ።

በስልኩ ውስጥ የወንበር ኳኳታ ሰማሁ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ሊቀመንበሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ ሰዉ ኖር ብሎ ተነሳላቸው» አለኝ እንግዳው።

አቶ ይስማው መተማ ሆነው የተነሳላቸውን ሰው አያዩ፣ «በእግዚአብሔር» ብለው አያስቀምጡ! ለራሳቸው ከሪፖርቱ ማዳበሪያው ላይ ደርሰዋል። አብርሃ ጅራዎችም በጨዋ ደንብ ቆመው ሪፖርቱን ያዳምጣሉ። በመጨረሻ ጋሽ ሽመክት «ተቀመጡ፣ ልጄ ናት የላከችልን፤ እኔ ፈቅጃለሁ» ብለው አስቀመጧቸው። «ልጄ» ያሉትን ለሠላማዊት ሁለቴ ደገምኩላት። አንዴ የሰማችው ቢሆንም አላቋረጠችኝም።

ጉባኤው በሰላም አለቀ። ሳንጃ ወጣ። አብደራፊም ወጣ፤ ውባንተ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ወጣ። አብርሃ ጅራ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው። አቶ ይስማው ምሳ ሄደዋል፣ ሠላማዊት ገመድ ትጠቀልላለች። እንደገና ደወልኩ።

«እንግዳው፣ ኻላስ፣ አልቋል እኮ! ለምን አትዘጉም?»

«ሰዉማ ሄዷል። ጋሽ ሽመክት ናቸው አልነሳ ያሉት። ምሳ ደርሷል ብላቸው ‹የጠራችኝ ሳታሰናብተኝ የት እሄዳለሁ› አሉኝ።»

«ምን እያዩ ነው ታዲያ?»

«ባዶ ወንበርና ገመድ የምትጠቀልል ልጃቸውን።»

ሠላማዊት ገመዱ ክንዷ ላይ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ አስቀመጠችውና ፀጉሯን አስተካክላ ካሜራው ፊት መጣች። ምስሉ የሚሄደው ወደዚያ ብቻ ነው፤ እሳቸው ያዩዋታል፣ እሷ ግን አታያቸውም። ዓመት ሙሉ የያዘችውን ቃል ለካሜራ ልትናገር ስትዘጋጅ ሳያት አንጀቴን በላችው።

«አባየ» አለች። «ስለመጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ጊዜ ሳላማክርዎት መሄዴ ጥፋት ነው። ናፍቀውኛል። ቅዳሜ ቤት ልምጣ ወይ?»

መልስ የሚመጣበትን መንገድ አልሠራችም ነበር። ቆመን መስመሩን ስናይ አረንጓዴው ጠፋ።

«ዘጉብኝ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«‹ወጣሁ›ን ራሳቸው ነኩት!» እያለ እንግዳው በስልኩ ይጮሃል። «በከዘራቸው ጫፍ ነኩት! ቆይ፣ ቆይ፣ ስልኩን አምጣ እያሉኝ ነው።»

እኔም የኔን ለሠላማዊት ሰጠኋት። ራቅ ማለት ነበረብኝ፤ አልራቅሁም።

«በየት በኩል ነው የምትመጪው?» አሉ ጋሽ ሽመክት፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

«በሳንጃ፣ አባየ።»

«እንግዲያው ሳንጃ ድረስ ነይ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ አመጣሻለሁ። መንገዱ የሚለያይበት ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ደግሞ ወደ ገዛ ቤትሽ ‹ልምጣ ወይ› ብለሽ አትጠይቂኝ።»