ቁልፉ የእኔ ነው

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የትርሲት ኮምፒውተር አልነሳም አለ። በመነሳት ፈንታ «ማን ነው?» ሲል ጠየቃት።

ከዚያ በፊት ተናግሮ አያውቅም። ትርሲት ግን ለመገረም ጊዜ አልነበራትም። የታሰረው ወንድሟ የደምሰው ይግባኝ፣ የአራት ወር ልፋቷ፣ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። እርግጥ አንዳንዴ ሲደክማት «ብተወውስ?» ብላ አስባ ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

መቼም የእኛ ሰው «ማን ነው?» ሲባል ስሙን አይናገርም። እሷም እንደለመደችው መለሰች።

«እኔ ነኝ።»

«ተመዝግቧል» አለ ኮምፒውተሩ። «ከአሁን ጀምሮ የማስነሻው ቁልፍ የእኔ ነው። ያለ እኔ ፈቃድ አይነሳም።»

«ፈቅጃለሁ፤ ተነሳ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ትርሲት።»

«ትርሲት የሚባል አልተመዘገበም። ቅሬታ ካለዎት የቁልፍ ምዝገባ ቢሮ ይሂዱ» አለና ጠፋ።

ቢሮው መሀል ከተማ፣ አንድ የመንግሥት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትርሲት በጥድፊያ ስልኳን ቤት ረስታ ሄደች፤ ተራዋ ሳይደርስ ቢሮው ለምሳ ስለተዘጋም እንደገና እስኪከፈት ተሰልፋ ጠበቀች። መስኮት ስድስት ላይ የተቀመጡት አቶ ልሳኑ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው አሳዩዋት። ስም፦ እኔ። የአባት ስም፦ ነኝ።

«ይቺማ እኔ ነኝ» አለች ትርሲት።

«መታወቂያዎ እንደዚያ አይልም።»

«ታዲያ ቁልፉ የት አለ?»

«እኔ ጠዋት መጥተው ፈርመው ወሰዱት። እኔ ማለቴ እኔን አይደለም፤ እሳቸውን ነው። ትሁት ሴት ናቸው፤ መልካቸው ቁርጥ እርስዎን ነው።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ቤቴ ነው ያሉት።»

ትርሲት ፈራች። ታክሲ ይዛ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቤቷ ደረሰች። የበሯ ቁልፍ ገባ፤ ግን አልዞር አለ። ከውስጥ ስልኳ ሲጮህ ሰማች። ደምሰው ነው፤ ከእስር ቤት እንዲደውል የሚፈቀድለት ሰኞ ሰኞ በዚህ ሰዓት ነው። ስልኩ ተነሳ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ የራሷ ድምፅ። «ይግባኙን? ትቼዋለሁ ወንድሜ። ደክሞኛል። ከእንግዲህ አትጠብቀኝ።»

ትርሲት በሩን በሁለት እጇ ደበደበች። ከዚያ የእግር ኮቴ ቀረበ።

«ማን ነው?»

«እኔ» ልትል ነበር፤ ቃሉን ዋጠችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ላይ ቆማ ስሟን ተናገረች።

«ትርሲት ነኝ።»

«ትርሲት የለችም» አለ ድምፁ በትህትና። «ስትመጣ ማን ፈልጓት ነበር ልበላት?»

ትርሲት ጎንበስ ብላ በበሩ ሥር አየች። የራሷ ሁለት እግሮች፣ የቤት ጫማዋን እንዳደረጉ፣ ጣቶቻቸውን ወደ እሷ አዙረው መልሷን ይጠብቃሉ።