የሸኚው ልጅ

«ሰው መሸኘት ያውቁበት ነበር» አለች ጎረቤታቸው ዘሀራ፣ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠው ሁሉ። «እኔ አቦምሳ ስሄድ እንኳ ከነከዘራቸው መናኸሪያ ይመጣሉ። አውቶቡሱ ከዓይናቸው ሳይጠፋ ንቅንቅ አይሉም።»

ፍሰሐ የንፍሮውን ሳህን ተቀበለና ሳይዘግን አሳለፈው። አስመራ አጠገብ ካለው የጦር ክፍሉ በአሥር ቀን ፈቃድ ሲመጣ አባቱ ተቀብረው ቆዩት። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ ታከተው። እንባም እምቢ አለው።

አባቱ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ አሰላ ከመግባታቸው በፊት ለገሃር ባቡር ያስነሱ ነበር። ልጅ ሳለ ይዘውት ይሄዳሉ። መንገደኛው ዶሮውንና ፍራሹን ተሸክሞ ይጋፋል፤ ሸኚው በየመስኮቱ ይላቀሳል። አባቱ አረንጓዴ ባንዲራቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ ባንዲራ አይታጠፍም» ይሉት ነበር።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጫን የት ነበሩ? መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አንገቱን አስግጎ ፈለጋቸው። አልመጡም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከአዲስ አበባ ደረሱ። ለገሃር ትኬት ይቆርጡ የነበሩት አቶ ሀብተ ማርያም ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ድንኳኑን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ ባንዲራ ናት የጎዳችው።»

«እንዴት?» አለ ፍሰሐ።

«በስልሳ ዘጠኝ ነዋ! መንገደኛውን አስቀርተው ሚሊሻ ጫኑበት። ልጆቹ በመስኮት ይዘፍናሉ፤ እሱ አረንጓዴውን ሰጠ። ከዚያ እናቶቻቸው እየመጡ ‹ጌታዬ፣ የኛ ልጆች ባቡር መቼ ነው የሚመለሰው?› ይሉታል። የሚያውቅ መስሏቸው። በዚያው ዓመት ጡረታ ጠየቀ። ‹ከእንግዲህ ወታደር አልሸኝም፤ እኔ የሸኘሁት አይመለስም› ብሎ ማለ።»

ፍሰሐ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«እንዳልነግርህ አስምሎኝ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «የመኪናውን ድምፅ ላለመስማት ጓዳ ገብቶ ጆሮውን ይዞ ነበር፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ፍሰሐ አለቀሰ። ሦስት ቀን ያልመጣው እንባ በአንዴ መጣ።

ፈቃዱ ያለቀ ዕለት ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘው ደጅ ቆመ። እናቱ በሶውን ከሻንጣው ከተቱለት፣ ጉንጩን ሳሙትና ወደ ጓዳ ገቡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ ልጁ ሊሄድ ነው እኮ!» አለች ዘሀራ።

«ተያት» አለ ፍሰሐ።

የጓዳውን በር ድምፅ ሳያሰማ ገጠም አድርጎ ወጣ።