ምርመራውን የቀደመ ውሃ

የኔአለም የላቦራቶሪውን ማሞቂያ ከፍታ ትናንት ጠዋት ያስገባችውን የምርመራ ሳህን ስታወጣ እንቅልፉ ገና ከዓይኗ አልለቀቀም ነበር። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየች፤ እንቅልፉ ብን ብሎ ጠፋ። ነጩ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀይ የጀርም ነጥቦች በቅለዋል። ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ዘጠኝ። በታሸገ ውሃ አንድ እንኳ አይፈቀድም። በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ባለው በዚህ ትንሽ ፋብሪካ ውሃ መመርመር ከጀመረች አሥር ወሯ ነው፤ አንድም ነጥብ አይታ አታውቅም።

የባሰው ደግሞ ውሃው በእጇ የለም። ምርመራው ሃያ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለቤቱ አቶ አበረ ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ «የኪዳነ ምሕረት ስለቴ ነው፤ ለበዓሉ ካልደረሰ ምን ይረባል?» ብለው ሁለት መቶ እሽግ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ላለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን አስጭነው ላኩ። እሷም ይውጣ ብላ ፈረመች። አሥር ወር ንጹሕ የሆነ ውሃ ዛሬ ምን ይሆናል ብላ ፈረመች።

ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ቅዳሴው የሚያበቃው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ አስቀዳሹ ውሃ በአፉ አያዞርም፤ ያላት ጊዜ ይኸው ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ ስልክ ዝግ፣ የዲያቆኑም ዝግ። ቅዳሴ ላይ ስልክ የሚከፍት ማን አለ?

ግቢው ውስጥ አቶ አበረ ወደ በዓሉ ሊሄዱ መኪና ሲያስነሡ ደረሰችባቸው። እናታቸው እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከፊት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የተላከው ውሃ ተበክሏል» አለች ሳህኑን በመስኮቱ እያሳየች። «ከእበትና ከዓይነ ምድር የሚመጣ ጀርም አለበት።»

«ማጣሪያው ተበላሸ?»

«ማጣሪያው ደህና ነው፤ ከሱ ሥር የቀዳሁት ሌላው ናሙና ንጹሕ ነው። የተበከለው የተጣራው ከሚጠራቀምበት ሮቶ የቀዳሁት ነው። ሮቶውን የከፈተ ሰው አለ?»

እማሆይ ምንም አልደበቁም። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ለእመቤታችን የሚሄድ ውሃ እንዲሁ አይሂድ ብዬ ትናንት ንጋት ላይ ጠበል ጨመርኩበት። ዘበኛው መሰላል ያዘልኝ።»

የኔአለም ጠበልን በክፉ የምታነሣ ልጅ አይደለችም፤ ራሷም በጠበል ድናለች። «በምን አመጡት፣ እማሆይ?» አለች ቀስ ብላ።

«በጄሪካን። ጥጆቹን በምናጠጣበት። አለቅልቄዋለሁ እኮ።»

«ይህን ሕዝብ ፊት ማን ይናገራል?» አሉ አቶ አበረ። «ዝም ብለን እንሰብስበውና ሌላ እንልካለን።»

«ዝም ብለን ስንሰበስብ የጠጣውን አናውቀውም» አለችና ከኋላ ገባች።

መንገዱ አላልቅ አላት። አንዴ የበግ መንጋ፣ አንዴ ባጃጅ፤ ከአማኑኤል በኋላ ደግሞ ኮረኮንች። ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ጥላ ጥላውን ይዟል፤ ውሃውም እየታደለ ነው።

«አትጠጡ! ውሃው ተበክሏል!» ብላ ጮኸች። አንዲት ሴት የደከማት መስሏት አንድ ጠርሙስ ዘረጋችላት። አንድ ሽማግሌ፣ «ስለት ይበከላል እንዴ?» ብለው ክዳኑን ማዞር ጀመሩ። የኔአለም ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ መሐል ገቡ። ሁሉም ያውቃቸዋልና ዝም አለ። «የበከልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጠበሉን በጥጃ ማጠጫ አምጥቼ ጨመርኩበት። ስለ እመቤታችን ብላችሁ፣ አፍስሱት።»

ሽማግሌው ጠርሙሳቸውን ዘቀዘቁት። ሌላውም ተከተለ። አቶ አበረ መሬት መሬቱን እያዩ ያልታደለውን መልሰው ይጭኑ ጀመር። የኔአለም ግን ጠጥቶ የጨረሰውን ጠርሙስ የያዘ ሰው ትፈልግ ነበር፤ ሰባት አገኘች። አንዱ ጠርሙስ ደብሪቱ በምትባል እናት እጅ ነው። ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጇ አፏን እየጠረገች ጭኗ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ትሆንብኛለች?» አለች ደብሪቱ። ከዚያም ወደ እማሆይ ዞረች። «ምነው እማሆይ፣ ምን አደረግንዎት?»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ይህን ማየት የኔአለም አልቻለችም።

«እሳቸው አላወቁም» አለች። «ማወቅ የኔ ሥራ ነበር። ውጤቱን ሳላይ ይውጣ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ደብሪቱ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። የኔአለምን ትኩር ብላ አየቻት።

«እንግዲያው ልጄ ደህና መሆኗን እስካውቅ ከዚህ ንቅንቅ አትዪም።»

የኔአለም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ እጇን ዘርግታ ጣቷን ያዘቻት።