ተቆርጦ የቀረ ምርቃት

ነገሩ የተጀመረው በጉራ ነው። ከሩቅ አገር ፊልም ተምሮ የተመለሰው ልጅ፣ በአጎቱ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሰርግ ቪዲዮ ሲቆርጥና ሲቀጥል ከከረመ በኋላ፣ አንድ ቀን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዓመት እስኪሞላ በየቀኑ አንድ ፊልም አያለሁ» ብሎ አወጀ። ፊልሙ ከዚህ በፊት ያላየው መሆን አለበት። ደግሞም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሠራተኞቹ ስም ተጽፎ እስኪያልቅ፣ መሀል ላይ ሳይቋረጥ።

አጎቱ የመታወቂያ ፎቶ በመቀስ እየከረከመ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«ሲሞላልህ ምን ይሰጡሃል?»

«ማን ይሰጠኛል ጋሼ? ለራሴ ነው። ዓይኔ እንዳይዝግ።»

«ዓይን ደግሞ መቼ ነው የሚዝገው? ይልቅ የቅዳሜዋን ሙሽራ ጨርስልኝ፣ ዳይሬክተር። እናቷ ስልኬን በጥሪ አግላዋለች።»

«ዳይሬክተር» የሚለውን ስም ያወጣለት ይኸው አጎቱ ነው። ሲደሰትበትም ሲናደድበትም በዚሁ ስለሚጠራው፣ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው። ልጁ ስሙን አይወደውም። አብረውት የተማሩት እዚያው ቀርተው ፊልም ይሠራሉ፤ እሱ ኬክ የሚቆርሱ እጆችን ይቀጣጥላል። ለምን እንደተመለሰ ሰው በጠየቀው ቁጥር ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ሁሉም መልሶች ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። እዚያ ሳለ እዚህ፣ እዚህ ሲሆን ደግሞ እዚያ፣ አንድ ነገር ያለ እሱ የሚያልፍ ይመስለዋል።

ያም ሆነ ይህ ቃሉን ጠበቀ። በምሳ ሰዓት አየ። ገና ሳይነጋ ተነስቶ አየ። የአክስቱ ልጅ የታጨች ዕለት ዘመድ አዝማዱ ሳሎን ውስጥ ሲሳሳቅ፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ትኩሳት ይዞት እንኳ አላለፈውም። እናቱ፣ «መድኃኒቱን ዋጥክ?» ስትለው እሱ የሚያስበው የራስ ምታቱን ክኒን ነው፤ እሷ ግን ፊልሙን ማለቷ ነው። ቤቱ ሁሉ መሳቂያ አደረገው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም አንዳች ነገር የተከፈተለት መሰለው። መንገድ ላይ ሲሄድ የሰው አረማመድ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ በመስኮት የሚወድቅ ብርሃን ያስቆመዋል። ቆይቶ ግን ነገሩ ሳህን እንደማጠብ ሆነ፤ ቆሽሾ ይጠብቃል፣ ይታጠባል፣ ነገም ይቆሽሻል። ፊልሙ ሲያልቅ የሚሰማው «አየሁ» ሳይሆን «ለዛሬ ተገላገልኩ» ነው። ያኔ ማቆም ይችል ነበር። ግን ያንን ሁሉ ሰው ካሳቀ በኋላ ማቆም ከመጀመሩ የባሰ ሞኝነት መስሎ ታየው።

ፊልሞቹ ደግሞ ቦታ ይበላሉ። ፎቶ ቤቱ ያለው አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ነው፤ በዚያ ላይ «ጥሬው» ይቀመጣል። ጥሬው ማለት ካሜራው ያነሳው ሁሉ ነው፤ ሳይቆረጥ፣ ሙዚቃ ሳይጫንበት፣ ከነመንቀጥቀጡ፣ ከነጣሪያው፣ ከነሰው ክርን። የአጎቱ ሕግ ግልጽ ነው፦ ጥሬው ዓመት ሳይሞላው አይነካም። «ሰው የሰርጉን ቪዲዮ ሲቀበል ሁሌም ደስ ይለዋል» ይላል። «የጎደለውን የሚያውቀው ቆይቶ ነው።»

ልጁ ይህን ሕግ የድሮ ሰው ጥንቃቄ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። ማን ነው ተመልሶ መጥቶ ጣሪያ የሚፈልግ? እናም አንድ ቀን ዲስኩ ሞላሁ ሲለው፣ ተሠርቶ የተሰጠና ባለቤቶቹም ያመሰገኑበትን የአንድ ሰርግ ጥሬ መርጦ አጠፋው። በቦታው ፊልሞቹን ጫነ። ለአጎቱ አልነገረውም፤ መንገር ያለበት ነገር አልመሰለውማ።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ወደ ፎቶ ቤቱ ገቡ። ልጁ ከኋላ ክፍል የዕለቱን ፊልም ጀምሮ ነበር። በመጋረጃው ክፍተት ሲያይ ወዲያው አወቃቸው፤ ፊታቸውን ለሳምንታት ሲቆራርጥ ነው የከረመው። የሙሽራ እናት ናቸው። ያኔ አረንጓዴ ነበር የለበሱት።

አጎቱ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ነፍስ ይማር እናቴ። ዘግይቼ ነው የሰማሁት። አፈርኩ።»

«እግዜር ያኑርህ ልጄ። ባለቤቴ ድንገት ነው የሄደብኝ፤ ማን ሰማና።» ሴትዮዋ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው የመጣሁት። በሰርጉ ዕለት ከምሳ በኋላ አንተን ክንድህን ይዞ ወደ እጅ መታጠቢያው አልወሰደህም?»

«ወስደውኛል። ‹ለልጄ የምላት አለኝ፣ ቅረጸኝ› አሉኝ። ከድምፅ ማጉያው የተነሳ ምን እንዳሉ አንድ ቃል አልሰማሁም እንጂ በደንብ ቀርጫቸዋለሁ።»

«እኔም ምን አልክ ብለው፣ ‹ቪዲዮው ሲመጣ ታያለሽ› አለኝ። ቪዲዮው መጣ። እንግዳ ጠርቶ፣ ከፊት ተቀምጦ ጠበቀ። የለም። እስከ መጨረሻው ጠብቆ፣ ‹ካሜራው አልያዘኝም ይሆናል› አለና ተነስቶ ሄደ። እንደገና አላነሳውም፣ እኔም ተውኩት። አሁን ግን ልጅቷ ድምፁን ትፈልጋለች። ‹የሆነ ቦታ መኖር አለበት› ትለኛለች።»

አጎቱ ፊቱ በራ። «አለ እንጂ! እኛ ቤት ጥሬው አይጠፋም እናቴ። ዳይሬክተር! የእናታችንን ልጅ ሰርግ ጥሬ አውጣልን!»

ልጁ ፊልሙን አቆመ። መሀል ላይ ማቆሙን እንኳ ልብ አላለም። ዲስኩን ከፈተና የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሰው ፈለገ። ሰርጉ በነበረበት ቦታ ፊልሞቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የብዙዎቹን ርዕስ ሲያነብ ስለ ምን እንደነበሩ እንኳ ትዝ አላለውም።

በሙያው ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ ውሸት አለ፤ «ዲስኩ ተበላሸ» ይባላል። ማንም አይከራከርም፤ ዲስክ ይበላሻላ። ልጁ ይህን ቃል ይዞ መጋረጃውን ገለጠ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት።

«የለም» አለ።

«ምን ማለት ነው የለም?» አለ አጎቱ።

«አጥፍቼዋለሁ ጋሼ። ለፊልሞቼ ቦታ ፈልጌ።»

አጎቱ አልጮኸም። መቀሱን አንስቶ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ሁሉንም?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሁሉንም እናቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ የቦርሳቸውን ማሰሪያ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ፈቱ፣ እንደገና ጠመጠሙ። ከዚያ የሆነ ነገር የመጣላቸው መሰሉ።

«ቆይ እስቲ። ቪዲዮውን የቆረጥከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ አይተኸዋል። ሰምተኸዋል።»

«አዎ…»

«ስለዚህ አለ። ንገረኛ።»

ልጁ ዓለም ላይ ያሉትን የፊልም አባቶች ሁሉ አይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በባቡር ጣቢያ የሚሰናበቱትን፣ በሞት አልጋ ላይ የሚናዘዙትን፣ ልጃቸውን ለባል አስረክበው ዞር ብለው የሚያለቅሱትን። ሁሉም በአንድ ጊዜ አፉ ላይ መጡ። ደግሞም ሴትዮዋን ቢያንስ በዚህ መካስ ፈለገ።

«‹ልጄ› አሉ፤ ‹የትም ብትሄጂ ልቤ ከአንቺ ጋር ነው። ቤትሽ የብርሃን ቤት ይሁን።›»

«እሺ።»

«‹አንቺ የዘመኔ ሁሉ ብርሃን…›»

«ተው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ቁጣ የለበትም። «ከእሱ ጋር ያረጀሁት እኔ ነኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ሰላምታ ለመጨረስ እንኳ ላብ ያጠምቀው ነበር። አንተ የፊልም ሰው አደረግከው። ካላስታወስክ አላስታውስም በለኝ።»

የልጁ ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ የታየው ሰውየው ሳይሆኑ የራሱ እጅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚጫን፣ የተሰላቸ እጅ። ለምን ነበር የሰለቸው? መብራቱ። አዎ፣ መብራቱ ከጀርባቸው ስለነበረ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተገልብጦ የፋብሪካው ምልክት ይታያል። ደግሞ…

«እያኘኩ ነበር» አለ።

ሴትዮዋ ቀና አሉ።

«አፋቸው ውስጥ ምግብ ነበረ። ‹ልጄ› ይሉና ያኝካሉ። እንደገና ‹ልጄ› ይላሉ። ከኋላቸው ያለው ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር፤ ንግግራቸውን አቋርጠው ዞር ብለው ማጥበቅ ጀመሩ። እኔ ቪዲዮው ላይ የማየው ጀርባቸውን ብቻ ነበር። ‹ይሄን ያስገጠመው ሰው መታሰር አለበት› አሉ።»

ከሴትዮዋ አፍ አንድ ትንሽ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየለትም።

«ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሩ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አደረቁ። ‹ልጄ፣ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍተሽ ከቤት እንዳትወጪ። ሰማሽ? መጀመሪያ ዝጊ፣ ከዚያ ውጪ› አሉ። ከዚያ ደግሞ… ይሄኛው አልገባኝም ነበር። ለዚህም ነው የቆረጥኩት፤ ምንም ትርጉም የሌለው መስሎኝ። ‹ዳግመኛ በጀልባ እንዳታስመጪኝ› አሉ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። በዚያች ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ከነጥቁር ልብሳቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ እንባቸው ወረደ፤ አላበሱትም።

«ጀልባ!» አሉ። «ትንሽ ልጅ ሳለች ውሃ ጠፍቶ፣ ቧንቧውን እንደከፈተች ትምህርት ቤት ሄደች። ስንመለስ ቤቱ ኩሬ ሆኗል፤ ጫማ ይንሳፈፋል። ይገርፈኛል ብላ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እሱ ምን አደረገ መሰለህ? የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አምጥቶ ውስጡ አስቀመጣትና፣ ‹ጀልባ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ› እያለ ከክፍል ክፍል ገፋት። እኔ ፍራሹን አቅፌ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ይህን አንተ ልትፈጥረው አትችልም። እሱ ነው። ይኸው ነው ያለው።»

አጎቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተሰቀለ የጋብቻ ፎቶ ያቃናል። ፎቶው አልተጣመመም ነበር።

«ከዚያስ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ከዚያ ጋሼን ‹ተቀረጸ?› ብለው ጠየቁት። ጋሼ አውራ ጣቱን አሳያቸው መሰለኝ፤ ደስ አላቸው።»

«አሳይቻቸዋለሁ» አለ አጎቱ፣ ወደ ግድግዳው።

ከኋላ ክፍል የቆመው ፊልም ብርሃኑን መጋረጃው ላይ እንደጣለ ነው።

«ለልጄ አንተው ንገራት» አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ። «እኔ ብነግራት የራሴን እጨምርበታለሁ፤ በዚያ ላይ አለቅሳለሁ። ያየኸው አንተ ነህ። እሷ የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው፣ በካሜራ አድርጋችሁ ላኩላት።»

«እኔ? ካሜራ ፊት?»

«ታዲያ ማን?»

አጎቱ መልስ ሳይጠብቅ ካሜራውን አምጥቶ የማቆሚያውን እግሮች ዘረጋ። ልጁ ነጩ ጨርቅ ፊት ባለው የመታወቂያ ፎቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ፊልም ሲያይ ቁጭ ያለበት ወገን ሁልጊዜ ሌላኛው ነበር። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

«አንገትህን ቀና፣ አገጭህን ዝቅ» አለ አጎቱ በልማድ፤ ከዚያ የራሱ ነገር አስቆጨው መሰል፣ «ተወው፣ እንዳሻህ ሁን» ብሎ ቁልፉን ተጫነ። ቀይ መብራቷ በራች።

የዚያን ቀን ፊልም ሳይጨረስ ቀረ። ማታ እናቱ መድኃኒቱን ስትጠይቀው «አልዋጥኩም» አላት፤ እሷም ደንግጣ ግንባሩን በእጇ ነካችው። ይህ ግን በኋላ ነው።

«ሰላም» አለ ልጁ ለካሜራው። «አታውቂኝም። እኔ… የሰርግሽን ቪዲዮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ለአንቺ አንድ ነገር ተናግረው ነበር። እኔ… ማለቴ፣ አባትሽ…»

ተደናቀፈ። ላብ አጠመቀው። «ቁረጠውና ከመጀመሪያው ልጀምር» ለማለት ወደ አጎቱ ቀና አለ። አጎቱ ካሜራውን አልነካም። መብራቷ እንደቀላች ናት። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አቅፈው ከካሜራው ጎን ይጠብቃሉ፣ የፊልም መጀመሪያ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አባትሽ» አለ እንደገና፣ «እያኘኩ ነበር።»