ያልጠጣሁት አረቄ

ሚስቴ ቨርሊን በኬንታኪ ገጠር ትንባሆ እየቆረጠች ነው ያደገችው። ጊታር የተማረችውም ከጎረቤት ተውሳ ነው። ታዲያ ምን ብላ ዘፍና ስሟ ቢጠራ ጥሩ ነው? «ባሌ ሰካራም፣ ጥሎኝ ሄደ» ብላ!

እኔ ኦርቢ እኮ አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጥሏት ሄደ የተባልኩት ሰውዬ አውቶቡሷን እየነዳሁ ከከተማ ከተማ የማዞራት ነኝ። «ምነው ቨርሊን?» ስላት «ዘፈን እኮ ነው፣ ኦርቢዬ» ትላለች። በሬዲዮ ሲጠይቋት ግን «እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት» ብላ አረፈች። የዘፈኑ ሸክላ እንደ ጉድ ተሸጠ።

መዘዙ ለእኔ ተረፈ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰካራም በጉባኤ ፊት ይከሰሳል፤ ካልተናዘዘ ይባረራል። ሃያ ዓመት ዲያቆን የሆንኩትን ሰው አቆሙኝ። ማስረጃው? ሸክላው! ጊታር እንኳ በማይገባበት ቤተ ክርስቲያን የጉባኤው ሽማግሌ ወንድም ሄስተር የሸክላ ማጫወቻ ተሸክመው መጥተው አስጮኹት። ምእመናኑ ሳይታወቃቸው በእግራቸው ምት ይመቱ ጀመር።

«ሚስቱ ናት የመሰከረችበት» አሉ ሽማግሌው።

ቨርሊን ከኋላ ብድግ አለች። በሳምንቱ በዘፋኞቹ ከተማ በናሽቪል ትልቁ መድረክ ላይ ልትዘፍን ነው፤ «ዋሽቻለሁ» ካለች ወሬው ቀድሟት ይገባና ሁሉም ነገር ያበቃል። «ወንድሞቼ፣ እኔ...» ብላ ጀመረች። ልትናዘዝ መሆኑ ሲገባኝ አንጀቴን በላችው።

«ተቀመጪ!» አልኳት። «ጠጥቻለሁ።»

«ምን ጠጣህ?» አሉ ሽማግሌው።

«አረቄ።»

«ጣዕሙስ?»

«እ... ይጣፍጣል።»

የድሮው ጠጪ ክሌም ከጥግ ሆኖ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ቀምሶም አያውቅም!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ዝም በል! ወንድማችን ተናዝዟል» አሉ ሽማግሌው። እንደ ልማዳችን ሁሉም ተሰልፎ እጄን እየጨበጠ ይቅር አለኝ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው «አንተ ጅል፣ አረቄ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም» አሉኝ በጆሮዬ። እሳቸው ከየት እንዳወቁ አልጠየቅኩም። ቨርሊን መጨረሻ ላይ መጥታ እጄን ይዛ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ምን ልዋሽ፣ እኔም አለቀስኩ።

በሳምንቱ ናሽቪል ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላት። እኔ «ባሏ ነኝ፣ አሳልፉኝ» ስል የሰሙ አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን አንስተው ጀርባዬን አቀመሱኝ።

«እንዲህ ያለችውን ልጅ ጥለህ! አንተ ሰካራም!»

የእግዜር ያለህ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።