በእማዬ ስም የመጣው ሲዲ

የድምፅ መዛግብት ሠራተኛዋ የቆዩ ሲዲዎችን ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ በሥራ ሰዓት ቢሮዋ ሲገባ ልቧ ድንግጥ አለ፤ እግሩ እዚያ ረግጦ አያውቅም።

«የእማዬ የጭንቅላት ምርመራ ምስል ነው» አለና ፖስታ አስቀመጠ። «ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው፣ ሐኪሙ ግን እስካሁን ያየው የውጤቱን ወረቀት ብቻ ነው። ሲዲው ተጭሮ አልከፈት ብሏቸዋል። ምርመራ ቤቱም ቅጂ የለንም አለ።»

ሲዲውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጭረቱ ከመሃል እስከ ጠርዝ ደርሷል። በፍጥነት ቢሽከረከር ሊሰበር ይችላል፤ ባለፈው ዓመት አንዱ እዚሁ ማንበቢያ ውስጥ ተሰባብሮባታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ ጽፋ የማንበቢያውን ፍጥነት ዝቅ አደረገች፤ ከዚያ ሲዲውን እንዳለ ወደ አንድ ፋይል የሚገለብጠውን ትእዛዝ ጻፈች።

ማንበቢያው አቃሰተ። የተነበበውን የሚቆጥረው ቁጥር ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

«ሞተ?» አለ ወንድሟ።

«ጋሼ፣ አፍህን በመልካም ክፈት።»

ቁጥሩ ተነቃነቀ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሦስት ቦታ ብቻ ሳይነበብ ቀርቶ ሥራው አለቀ። የፋይሉን ይዘት የሚዘረዝር ትእዛዝ ስትሰጥ ምስሎቹ በተርታ ወረዱ።

«ተመስገን» አለ ወንድሟ፣ ሊነሳ።

እሷ ግን ሳታረጋግጥ ማስረከብ አታውቅም። ከአንዱ ምስል ጋር የተጻፈውን መረጃ አወጣች። ፆታ፣ ወንድ። ዕድሜ፣ ስልሳ ሁለት። ስሙንም ሰምታው አታውቅም። ሌላ ምስል ከፈተች፤ ያው ሰው።

«ጋሼ፣ ላዩ ላይ የእማዬ ስም ነው ያለው። ውስጡ ግን ሌላ ሰው ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወረቀቱን ይሄን አይተው ከሆነ የጻፉት፣ ነገ የሚከፍቱት የእማዬን ደህና ጭንቅላት ነው።»

ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ እሷም ፋይሉን ገልብጣ ተከተለችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ምስሎቹን አየ፣ ስሙን አየ፣ ስልክ አንስቶ የነገውን ቀዶ ጥገና ሰረዘ። እናታቸው በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ተመረመሩ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ አንዳች ነገር አልተገኘም።

«ድሮስ ራስ ምታት ነው አላልኳችሁም?» አሉ። «ራሴን አመመኝ ያለ ሁሉ ራሱ ይከፈታል እንዴ?»

ወንድሟ ሳቀ። እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። «ሰውዬውስ?» አለች ወደ ሐኪሙ ዞራ።

«ምርመራ ቤቱን ጠይቄያለሁ፤ የእናታችሁ ምስል የሱ ተብሎ ደህና ነህ ተብሎ ከተሸኘ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስልኩን አያነሳም።»

በማግስቱ ምርመራ ቤቱ በሰጣቸው አድራሻ ሄደው በሩን አንኳኩ። ሚስቱ ከፈተች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ትናንት ወድቆ ነው፤ አንድ ወገኑ አልታዘዝ ብሎታል» አለች።

ወንድሟ ሰውዬውን አቅፎ መኪናው ላይ ጫነውና ሆስፒታል አደረሰው። በሳምንቱ ቀዶ ጥገናው ተደረገለት። ሕይወቱ ተረፈ፤ ግራ እጁ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም።