የሻለቃው አንድ ቃል

ሻለቃ ወሰኔ እሳት አጥፍቶ አያውቅም፤ ስለ እሳት ግን አርባ ሁለት ገጽ ዕቅድ ጽፏል። ጽፏል ማለት፣ ድንቅነሽ ጽፋለች። እሱ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ይናገራል፣ እሷ ትተይባለች፣ የተጣመመውን ሰዋስው ታቃናለች፤ በመጨረሻ እሱ ስሙን ሽፋኑ ላይ በደማቅ ቀለም ያሳትማል። በከኒሳ ቀሴ መንደር ጫፍ ላይ ባለው የጦር ካምፕ የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ኃላፊ መሆን ይኸው ነው። ድንቅነሽ የክፍሉ ብቸኛ ሲቪል ሠራተኛ ናት፤ ጸሐፊም አስተርጓሚም። አለቃዋን ትንቀዋለች። ንቀቷን እንደ ምሳ ዕቃዋ ጠዋት ይዛው ትገባለች፣ ማታ ይዛው ትወጣለች፤ ለማንም አታካፍልም።

ንቀት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከነዳጅ መጋዘኑ ስልሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ልክ አጥሩ ሥር በውጭ በኩል፣ ከአባቷ ጋር የምትኖርበት ቤት አለ። አባቷ ኦቦ ሞረዳ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ካቻምና ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ሰው ካላነሳቸው ከአልጋ አይወርዱም። በመጋዘኑና በአጥሩ መካከል ያለው ሣር ደግሞ ወገብ ይደርሳል፤ በየካቲት ደርቆ ክብሪት ብቻ ነው የቀረው። ይታጨድ ብላ ሦስት ጊዜ ማስታወሻ ጽፋለች። የዕቅዱን ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ «በአቅራቢያው ያሉ ነዋሪዎች በራሳቸው አቅም ይሸሻሉ» የሚለውን ስትተይብ አቁማ ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ በራሱ አቅም መነሳት የማይችል ሰውስ?»

«ለምሳሌ ማን?»

«ለምሳሌ አባቴ።»

«አስተያየትሽ ተይዟል» አለ ሻለቃው፣ እስክሪብቶ እንኳ ሳይዝ። «ቀጥዪ።»

ሌላ ቀን ደግሞ «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ጠየቃት። አደጋ ሲደርስ ሕዝቡ በሩ ላይ እንዳይከማች በድምፅ ማጉያ ሊበትነው አስቧል።

«ማነ ኬሰኒቲ ገላ» አለችው።

«ይሄ ትእዛዝ ነው ስብከት? ተናግሬ ሳልጨርስ ካምፑ ያልቃል። የመጨረሻዋ ቃል ትበቃለች። ገላ። ለመያዝም አይከብድ፣ በአማርኛም አለች።» በቀይ እስክሪብቶ ዕቅዱ ላይ ጻፋት።

ኦሮምኛ ለሚያውቅ ግን «ገላ» እንደ ቦታዋ ናት። መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎችን መሸት ሲል ቢሏቸው ወደ ቤታችሁ ማለት ነው፤ በር ላይ የቆሙትን ቢሏቸው ግን ግቡ፣ ኑ ግቡ ነው። ድንቅነሽ ይህን ልታስረዳው ስትጀምር ስልኩ ጠራ፤ እሱም በእጁ ውጪ አላት። ወጣች።

እሳቱ የተነሳው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው፤ ያውም በራሱ በሻለቃው ትእዛዝ። አጥሩ ላይ «እሳት መጠቀም ክልክል ነው» የሚል የብረት ታፔላ ሲበየድ ፍንጣሪው ሣሩ ላይ ወደቀ። ሳይረኑ ጮኸ። ወታደሮቹ እሳት ማጥፊያዎቹን ነጥቀው ሮጡ፤ ሁሉም ባዶ ነበሩ፤ ሻለቃው ባለፈው ሳምንት ለጎብኚዎች ሲያሳይ ጨርሷቸዋል። የውሃ ቦቴው ጎማ ሊያስለጥፍ ከተማ ሄዷል። ሻለቃው በዕቅዱ መሠረት ሰውን ሁሉ ባንዲራው ሥር አሰልፎ ስም መጥራት ጀመረ።

ድንቅነሽ ጭሱ ወደ አጥሩ ሲያዘነብል አየች።

«ጌታዬ፣ አባቴ እዚያ ነው። ልሂድ።»

«ስም ጠርቼ አልጨረስኩም።»

በዚህ መሐል የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ደርሷል። ጄሪካን የተሸከመ፣ ቅጠላም ቅርንጫፍ የያዘ፣ ከመቶ የሚበልጥ ሕዝብ። ጎረቤታቸው ፈይሳ ብረቱን እየደበደበ «ኦቦ ሞረዳ እሳቱ አጠገብ ናቸው፣ በውጭ በኩል ጭሱ አያስደርስም፣ ክፈቱልን» ይላል። ሻለቃው ስም ዝርዝሩን አስቀምጦ፣ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ወንበር ላይ ወጣ። ወዙ እየፈሰሰ፣ ቀዩን ቃሉን ጮኸ።

«ገላ! ገላ!»

በረኛው ኢቢሳ የኑኑ ቁምባ ልጅ ነው፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ። አለቃ ግቡ ካለ መክፈት የእሱ ሥራ ነው፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሕዝቡ ገባ። ሻለቃው ደንግጦ ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር ሰው ይገባል። ከጉቶ ጊዳ በቆሎ ጭነው ሲያልፉ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ አህዮቻቸውን አስረው ገቡ፤ ሻለቃ ያህል ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል።

እሳቱን በቅጠል ቀጠቀጡት፣ በጄሪካን ውሃ አፈኑት፤ መጋዘኑ ጋ ሊደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረው ጠፋ። ፈይሳና ሌሎች ሦስት ሰዎች የአጥሩን ቋሚ ነቅለው አለፉ፤ የቤቱ የጀርባ ግድግዳ እየጨሰ ኦቦ ሞረዳን ከነፍራሻቸው ተሸክመው አወጡ። ድንቅነሽ ሰልፉን ጥላ ሮጠች። ደህነኛውን እጃቸውን ይዛ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አለቀሰች።

በማግስቱ ሻለቃው ሪፖርት አስጻፋት። «ኅብረተሰቡ በኃላፊው ወቅታዊና ቆራጥ ትእዛዝ ወደ ግቢ እንዲገባ ተደርጎ» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ተየበችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከበላይ ባለፍሬም የምስጋና ወረቀት መጣለት። ምስማሩን እንኳ ኢቢሳ ነው የመታለት።

የዚያን ቀን ማታ የ«ገላ»ን ነገር ለአባቷ ነገረቻቸው። ኦቦ ሞረዳ የሚሠራውን ግማሽ አፋቸውን ፈገግ አደረጉ።

«ሰውዬው ልቡ ያሰበው ምን ነበር?»

«ሂዱ ሊል ነበር፣ አባ።»

ሠላሳ ዓመት የተማሪ ስህተት በቀይ ያረሙ ሰው ናቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቋንቋውን አጣርቶ ቢያውቅ ኖሮ እኔ ዛሬ ዐመድ ነበርኩ።»

ሰኞ ዕለት ሻለቃው ጠራት። ዕቅዱ ሊሻሻል ነው፤ ሽፋኑ ላይ የምስጋናው ወረቀት ፎቶ ይገባል። ገጽ አሥራ ዘጠኝ እንዳለ ነው። በመስኮቱ ታፔላው ተበይዶ አልቆ ይታያል፤ ከመጋዘኑ ወዲህ እሳቱ ያልደረሰበት ሣርም እንደቆመ ነው።

«አንድ ነገር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያቺ ቃል ሂዱ ማለት ናት አይደል? ኢቢሳ ሌላ ነገር ይላል። ለሚቀጥለው እንዳንሳሳት። አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ስህተት ካለባት አርሚልኝ።»

ድንቅነሽ በዚህ ቢሮ አራት ዓመት ስትሠራ አንዲት ስህተት አልፋ አታውቅም። ገጹን ወደ እሷ ሳበች፣ ቀዩን ቃል አየችው፣ መልሳ ገፋችለት።

«ልክ ናት ጌታዬ፣ ሂዱ ማለት ናት» አለችው። «ብቻ ሲሉ ጮክ ይበሉ።»